መንገድ፣ ሕዝብና ድምፅ፦ የቨርጂኒያ ምሳሌ

የሕዝብ አሰፋፈርና የፖለቲካ ዝንባሌ ምን ያህል እንደሚተሳሰሩ መመርመር ለሚሻ ሰው፣ ከአሜሪካ ግዛቶች አንዷ የሆነችው ቨርጂኒያ ጥሩ ምሳሌ ናት። ለእኛ ለመሐንዲሶች ደግሞ ጉዳዩ የተለየ ትርጉም አለው፤ ለለውጡ መንገድ ከከፈቱት ነገሮች ዋነኞቹ ሕንፃ፣ ጎዳናና የአውሮፕላን ማረፊያ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ቨርጂኒያ በትምባሆ እርሻዋ የምትታወቅ ወግ አጥባቂ ግዛት ነበረች። በ1902 የወጣው ሕገ መንግሥቷ መራጭ ሁሉ የነፍስ ወከፍ ግብር እንዲከፍል በማስገደዱ፣ ጥቁሮችና ድሆች ነጮች በብዛት ከምርጫ ተገለሉ። መራጩ ጥቂት በመሆኑም የሃሪ ቤርድ የፖለቲካ ቡድን ግዛቲቱን ለአርባ ዓመታት ያህል ሊቆጣጠር ቻለ። ይህ ግብር ከ1964 እስከ 1966 ባለው ጊዜ ፈጽሞ ተሻረ። ዳሩ ግን የወግ አጥባቂነቱ ሥር በአንድ ጊዜ አልተነቀለም፤ ከ1952 እስከ 2004 ከተደረጉት 14 የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ውስጥ ቨርጂኒያ ከ1964ቱ በቀር በሁሉም የሪፐብሊካን ፓርቲን መርጣለች።

በዚሁ ዘመን ውስጥ ግን፣ ከዋሽንግተን ማዶ በሚገኘው ሰሜናዊ ክፍሏ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። ፔንታጎን በ1943 ተጠናቀቀ፤ የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በ1962 ተከፈተ፤ ዋና ከተማዪቱን የሚከበው ቀለበት መንገድ በ1964 አለቀ፤ የከተማው ባቡርም በ1977 ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ገባ። በ1940 የ41 ሺህ ያህል ሰዎች የገጠር መኖሪያ የነበረው የፌርፋክስ ወረዳ፣ በ2020 ከ1 ሚሊዮን 150 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጠረበት። የመጡትም የመንግሥት ሠራተኞች፣ ወታደሮችና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ነበሩ። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ ደግሞ ከኮሪያ፣ ከቬትናም፣ ከኤል ሳልቫዶርና ከሕንድ የመጡ ተጨመሩ፤ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ የሰፈሩት ወገኖቻችንም ከነዚሁ ጋር ይቆጠራሉ። ፌርፋክስ በ2004 ወደ ዲሞክራቲክ ፓርቲ አዘነበለች፤ በ2008 ግዛቲቱ በሙሉ ተከተለች፤ እስከ 2024ም ድረስ በየፕሬዚዳንት ምርጫው በዚያው ጸናች።

እንግዲህ የሕዝብ ቁጥር የፖለቲካ ዕጣ ፈንታ ነው ብለን እንደምድም? ይህ ችኩልነት ይሆናል። በ1863 ከቨርጂኒያ የተገነጠለችውን ዌስት ቨርጂኒያን እንመልከት። በዚያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሰው ጉልበት በማሽን ተተካ፤ በ1950 ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብም በ2020 ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በታች ወረደ። በሠራተኛ ማኅበራቷ ብርታት ለረጅም ዘመን የዲሞክራቲክ ፓርቲ ምሽግ የነበረችው ይህች ግዛት፣ ከ2000 ጀምሮ በየፕሬዚዳንት ምርጫው ሪፐብሊካን ሆነች። ሚዛኑን የለወጠው የእንግዳ ጎርፍ አልነበረም፤ ሥራው ሲጠፋ ብዙዎች ሄዱ፣ ከቀሩትም ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡ። ቨርጂኒያም ብትሆን በ2021 ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን፣ በ2025 ደግሞ ዲሞክራቷን አቢጌል ስፓንበርገርን ለገዥነት መርጣለች። በአራት ዓመት ውስጥ አሰፋፈሩ ያን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመራጩ ፍርድ ነው።

ስለዚህ የሕዝብ ፍልሰት ለፖለቲካ መሠረቱን ይጥላል እንጂ ሕንፃውን አይጨርስም። መሐንዲሱ መንገድ ወይም የውኃ መስመር ሲነድፍ የሃያና የሠላሳ ዓመት የሕዝብ ብዛት ይገምታል። የትኛው ፓርቲ እንደሚያሸንፍ መተንበይ ሥራው አይደለም። ነገር ግን ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚነሣ መጠየቅ ግዴታው ነው። በ1942 ለፔንታጎን መዳረሻ መንገዶች ሲባል ኩዊን ሲቲ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር ፈርሷል። ነዋሪዎቹ በነፍስ ወከፍ ግብሩ ምክንያት ድምፃቸው የታፈነ ስለነበር፣ በመንገዱ አቅጣጫ ላይ ሊከራከሩ የሚችሉበት ኃይል አልነበራቸውም። መንገድ ነገ ድምፅ የሚሰጠውን ሕዝብ ያሰፍራል፤ መንገዱ በማን ደጅ እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን ዛሬ ድምፅ ያለው ነው።