ሊኑክስ፡ መብራት ሲመለስ አንዳንድ የሰርቨር አገልግሎቶች ለምን ሳይነሱ ይቀራሉ?

ነሐሴ 19/2015 ዓ.ም. ምሽት ናይሮቢን ጨምሮ አብዛኛው የኬንያ ክፍል በጨለማ ተዋጠ። የአገሪቱ ዋነኛ መግቢያ የሆነው የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም ከችግሩ አላመለጠም።

ለአብዛኛው ነዋሪ መብራት ሲመለስ ጉዳዩ ያበቃል። ኪሌሌሽዋን በመሰሉ የናይሮቢ ሰፈሮች በሚገኝ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ባለሙያ ግን ሌላ ጥያቄ ይጀምራል። ማሽኑ ሲበራ የመረጃ ቋቱ፣ የክፍያ ሥርዓቱና ድረ ገጹ ማንም ሳይነካቸው ወደ ሥራ ይመለሳሉ?

መልሱ በአብዛኛው የተመሠረተው ተጠቃሚዎች ስሙን እንኳ በማያውቁት አንድ ፕሮግራም ላይ ነው። ምንጫቸው ክፍት የሆኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በዚህ ፕሮግራም ምርጫ ላይ ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተዋል።

የመጀመሪያው ፕሮግራም

ሊኑክስ ሲነሳ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል በቅድሚያ አንድ ፕሮግራም ያስጀምራል። መለያ ቁጥሩ 1 ነው። ኔትወርኩን፣ የመረጃ ቋቱንና ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሳው፣ ማሽኑ ሲጠፋም በሥርዓት የሚዘጋቸው እርሱ ነው።

ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ ሲያከናውን የኖረው ሲስተም ፋይቭ ኢኒት ነው። ስያሜውን ያገኘው እአአ በ1983 ይፋ ከሆነው የዩኒክስ ሥሪት ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ አገልግሎት የራሱ የትዕዛዝ ጽሑፍ ወይም ስክሪፕት ይኖረዋል፤ ስክሪፕቶቹም በተሰጣቸው ቁጥር መሠረት በተራ ይነሳሉ።

በ2006 የኡቡንቱ አምራች የሆነው ካኖኒካል አፕስታርት የተባለ አማራጭ አቀረበ። በ2010 ደግሞ የሬድ ሃት ባልደረባ የነበረው ሌናርት ፖተሪንግ ከኬይ ሲቨርስ ጋር ሲስተምዲን አስተዋወቀ።

ሲስተምዲ አገልግሎቶችን በስክሪፕት ሳይሆን በአጭር መግለጫ ፋይል ይመራል። ፋይሉ አገልግሎቱ ምን እንደሚፈልግና ከማን ቀጥሎ እንደሚነሳ ይናገራል። የማይደጋገፉ አገልግሎቶች ጎን ለጎን ይነሳሉ፤ በመግለጫው ላይ ከታዘዘም የወደቀ አገልግሎት በራሱ ዳግም ይጀምራል።

ዴቢያንን የከፈለው ድምፅ

ፌዶራ በ2011 ሲስተምዲን ዋና ምርጫው አደረገ። ከባዱ ክርክር የተካሄደው ግን በዴቢያን ነበር። በየካቲት 2014 የዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ ስምንት አባላት በሲስተምዲና በአፕስታርት መካከል እኩል ለእኩል ተከፈሉ። ውሳኔው የተገኘው በሊቀ መንበሩ ብዴል ጋርቢ ድምፅ ነው፤ ያሸነፈው ሲስተምዲ ነበር።

ከቀናት በኋላ የኡቡንቱ መሥራች ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልወርዝ ድርጅታቸው የራሱን አፕስታርት ትቶ የዴቢያንን ምርጫ እንደሚከተል አስታወቁ። ሽግግሩ በሚያዝያ 2015 ተፈጸመ።

ውሳኔውን ያልተቀበሉ ወገኖች ዴቩዋን የተባለ ሌላ ሥርጭት መሠረቱ። የመጀመሪያው የጸና ሥሪቱ በግንቦት 2017 ወጣ። ተቃዋሚዎቹ ሲስተምዲ ብዙ ሥራዎችን ጠቅልሎ እንደያዘና የመምረጥ ነፃነትን እንደሚያጠብ ይከራከራሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው የተበታተነውን አሠራር አንድ ወጥ አድርጓል ይላሉ።

አለመጣጣሙ የሚታየው የት ነው?

ሲስተምዲ የቆዩ ስክሪፕቶችን እንዲያነብ ተደርጎ ቢሠራም፣ ስምምነቱ ሙሉ አይደለም።

የመጀመሪያው ልዩነት ስክሪፕቱ የሚሠራበት ሁኔታ ነው። ሲስተምዲ አገልግሎቱን በንጹሕ አካባቢ ስለሚያስነሳ፣ ባለሙያው በራሱ መስኮት ላይ ያዘጋጃቸው ቅንብሮች አይተላለፉም። በመሆኑም በእጅ ሲጀመር በትክክል የሚሠራ ስክሪፕት፣ ማሽኑ ሲነሳ ሊከሽፍ ይችላል። የይለፍ ቃል ከቁልፍ ሰሌዳ የሚጠብቅ ስክሪፕትም መልስ አያገኝም።

ሁለተኛው ከአፕስታርት የሚደረገው ሽግግር ነው። አፕስታርት አንድ ክስተት ሲፈጠር ተከታዩን ያስነሳል። ሲስተምዲ ግን ከሚፈለገው ግብ ተነስቶ ወደ ኋላ እየሄደ ለዚያ የሚያስፈልጉትን ይሰበስባል። አስተሳሰቦቹ ተቃራኒ ስለሆኑ የአንዱን ፋይል ቃል በቃል ወደ ሌላው መገልበጥ አያዋጣም።

ሦስተኛው ቅደም ተከተል ነው። በሲስተምዲ "ከእገሌ ቀጥሎ ተነሳ" ማለትና "እገሌ ከሌለ አትነሳ" ማለት የተለያዩ ትዕዛዞች ናቸው። "ከኔትወርክ ቀጥሎ" የሚለው መመሪያም ኔትወርኩ አድራሻ አግኝቶ ተገናኝቷል ማለት አይደለም። ለዚያ የተለየ መመሪያ አለ።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ልዩነት ከፍተኛ ዋጋ አለው። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩና የኢንተርኔት መሣሪያው በአንድ ጊዜ ይበራሉ። ሰርቨሩ ከቀደመ፣ አድራሻ የሚጠብቀው የመረጃ ቋት ኔትወርክ አጥቶ ይወድቃል። በእርሱ ላይ የተንጠለጠለው የክፍያ ሥርዓትም ሰው እስኪደርስለት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል።

ጥገኝነቱ ወደ ላይም ይወጣል። ጂኖም የተሰኘው የኮምፒውተር ገጽታ የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚቆጣጠረውን የሲስተምዲ ክፍል ይፈልጋል። ሲስተምዲን የማይጠቀሙ ሥርጭቶች ክፍተቱን ለመሙላት ኢሎጂንድ የተባለውን፣ ከሲስተምዲ ተነጥሎ የወጣ ክፍል ይጠቀማሉ።

ምን ማድረግ ይቻላል?

አማራጮቹ አልጠፉም። አልፓይን ሊኑክስ በኦፕንአርሲ፣ ቮይድ ደግሞ በረኒት ይሠራሉ። ዴቢያን በ2019 መጨረሻ ባደረገው የአባላት ድምፅ አሰጣጥ ሲስተምዲን ይዞ፣ ሌሎች አማራጮችን ለመሞከር የሚደረገውን ጥረት እንደሚደግፍ ወስኗል።

ለቆዩ ስክሪፕቶች ግን ጊዜው እየጠበበ ነው። የሲስተምዲ አዘጋጆች በ2023 በወጣው 254ኛ ሥሪት ለእነዚህ ስክሪፕቶች የሚሰጠው ድጋፍ ወደፊት እንደሚነሳ አስታውቀዋል።

ስለዚህ አሮጌ ሰርቨር ያለው ድርጅት ከማሻሻሉ በፊት በስክሪፕት የሚነሱትን አገልግሎቶች መዝግቦ ለእያንዳንዳቸው መግለጫ ፋይል ማዘጋጀት ይኖርበታል። በቢሮው ራሱ የተጻፉት ቅድሚያ ይፈልጋሉ፤ የሶፍትዌር አምራቾች ለምርቶቻቸው ፋይሉን አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለሚልኩ፣ ተረስቶ የሚቀረው በቤት ውስጥ የተሠራው ነው።

ከዚያም መረጃው በሌላ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሰርቨሩንና የኢንተርኔት መሣሪያውን በአንድነት አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልጋል። ሰርቨሩን ብቻ ዳግም ማስጀመር በቂ ፈተና አይሆንም፤ ኔትወርኩ ቀድሞ ስለሚጠብቀው እውነተኛው የመብራት መቋረጥ የሚያጋልጠውን ስህተት ይሸፍነዋል።