ትምህርት ቤት መክፈትና ተማሪን መመለስ

የአገራችን የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚቆጠሩት የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. መከፈታቸው በየመጽሐፉ ሰፍሮ ይገኛል። ትምህርት ቤት በጦርነት፣ በዘመቻ ወይም በወረርሽኝ ምክንያት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ተማሪው እንዴት ወደ ክፍሉ እንደተመለሰ፣ ይልቁንም ያልተመለሰው ስለ ምን እንደቀረ ግን እምብዛም አልተመረመረም። የምህንድስና ባለሙያውም ቢሆን የመማሪያ ክፍሉን ስፋት፣ የጣሪያውን ተሸካሚ፣ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን አስልቶ ያስረክባል እንጂ፣ አንድ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ እዚያ ክፍል ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ ቤተሰቡ የሚከፍለውን ዋጋ የሚያሰላበት ሰንጠረዥ የለውም።

የደቡብ ጎንደር አገር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ ያገኘችው ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በደራ ወረዳ ትገኛለች። ከእርስዋ ወደ ሰሜን ሲኬድ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈውና በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራው መንገድ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣና በጉና ተራራ በኩል ጋይንትን አቋርጦ ወደ ወልድያ ይዘልቃል። የቤተ ክህነቱ ትምህርት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእጅ ጥበብ ትምህርትና ዘመናዊው ትምህርት ሁሉም በዚህ አገር አልፈዋል፤ እያንዳንዳቸውም የተማሪውን ወጪ የሚሸፍኑበት መንገድ የተለያየ ነበር።

ከሁሉ የሚቀድመው የቤተ ክህነቱ ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ የምስክር ቦታዎች ናቸው። ድጓ ሊያስመሰክር ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ገንዘብ አይላክለትም፤ ብዙውን ጊዜም እነርሱ ሳያውቁ ጠፍቶ የመጣ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ባላገሩ ቁራሽ ይሰጠዋል። በተማሪው ላይ የሚደርሰው ረኃብ፣ እከክና የውሻ ንክሻ ቀላል ባይሆንም፣ ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ ብልሃት ነበረው። የተማሪውን ቀለብ አንድ ቤተሰብ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ይሸከመዋል፤ ለእያንዳንዱ ቤትም የሚደርሰው ቁራሽ እንጀራ ብቻ ነው። ስለዚህ ጦርነት ወይም ቸነፈር ትምህርቱን ቢበትነው እንኳ፣ መምህሩ በሕይወት ካለና አገሩ እህል ካፈራ ጉባኤው እንደገና ይሰበሰባል። ሕንፃ ስላልነበረው የሚፈርስበት ነገርም አልነበረውም፤ ጎጆዎቹን የሚሠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ሴት ልጅ በአኩፋዳ ለምና መማር ስለማትችል ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ጉባኤ ውጭ ቀርታለች።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የጋፋት ታሪክ የሚያሳዝን ነው። በ1850ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍና ጋሪ ሲያሠሩ፣ የአገሩ ወጣቶች ንባብና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ተቋቁሞ ነበር። ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተቀለጠው በዚያ ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ የቆመው በአንድ ንጉሥ ፈቃድና ቀለብ ላይ ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ሲያርፉ አሠሪውም፣ አስተማሪውም፣ ቀለብ ሰጪውም በአንድ ጊዜ ጠፉ። አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ብረት ማቅለጥ የጀመሩት ወጣቶች የሚመለሱበት ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለ ሴባስቶፖል ብዙ ተጽፏል። መድፉን ሲያቀልጡ ሙያውን ስለ ቀሰሙት እጆች ግን የሚያስብ የለም፤ ለመሐንዲስ ከመድፉ መቅረት ይልቅ የእነርሱ መበተን ሊቆጨው በተገባ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት የመጀመሪያውን ታላቅ መቋረጥ ያየው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ ወይም ለሌላ ጉዳይ ዋሉ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላም የተማረው ወጣት እየተለቀመ ተገደለ። ነጻነት ሲመለስ መምህርም መጽሐፍም አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ ራሳቸው ይዘው ከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት አዳሪ እንደነበረ ልብ ይሏል። ወላጁ በጦርነት የሞተበት ወይም ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የመጣ ልጅ መኝታና ምግብ ካላገኘ አይማርም የሚለው አሳብ በግልጽ ታውቆ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ዕድል የደረሰው ለጥቂቶች ብቻ ነው።

በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ፤ ገንዘቡም በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተደነገገ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን የጌምድር ባላገር ግብሩን ከፍሎ ሲያበቃ ልጁን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የብዙ ሰዓት መንገድ ይርቀው ነበር። ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ሥራ ሲስፋፋ ይህ ርቀት በብዙ ቦታ አጠረ። የሕንፃዎቹ ንድፍ አንድ ዓይነትና ቀላል ሲሆን፣ የአካባቢው ሕዝብም በገንዘብና በጉልበት ድርሻውን ያዋጣ ነበር። አባት ድንጋይ ያጋዘበትን ትምህርት ቤት እንደ ራሱ ንብረት ስለሚያይ ልጁን መላክ ይቀለዋል። ይህም በግንባታ ታሪካችን ከሚገባው በታች የተወራለት ሥራ ነው።

ሁለተኛው መቋረጥ በመንግሥት ትእዛዝ የመጣ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተሠማሩ። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. አብቅቶ በሮቹ ሲከፈቱ ብዙዎች ተመልሰዋል፤ አያሌዎች ደግሞ ተሰድደዋል፣ ወደ ፖለቲካ ድርጅቶች ገብተዋል ወይም ሞተዋል። ወዲያውም የቀይ ሽብር ዘመን ሆነና በተለይ በጎንደር ክፍለ ሀገር የተማሪነት ስም ራሱ የሚያስገድል ሆነ። ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወደ ገጠር ዘመድ ቤት የደበቀውን ወላጅ ትምህርት ጠላ ሊለው የሚደፍር አይኖርም። በሮቹ ክፍት ነበሩ፤ ለልጁ ደኅንነት ዋስ የሚሆን ግን አልነበረም።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ተገቢ ነው፤ በር መከፈቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ በሌላ ሕዝብ ላይም ታይቷልና። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ጥቁር ተማሪዎች በ1951 እ.ኤ.አ. በባርባራ ጆንስ መሪነት የተጨናነቀና የተጎሳቆለ ትምህርት ቤታቸውን በመቃወም አድማ መቱ። ጉዳያቸው ጥቁርና ነጭ ለይቶ ማስተማርን ሕገ ወጥ ካደረገው የ1954ቱ ፍርድ ጋር ተጠቃለለ። አውራጃው ግን ጥቁርና ነጭን በአንድ ክፍል ከማስተማር ይልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በ1959 እ.ኤ.አ. ጠቅልሎ ዘጋቸው፤ አምስት ዓመትም ተዘግተው ቆዩ። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ሲከፈት ለጥቁሮቹ የቀረላቸው ቤተ ክርስቲያንና ዘመድ ነበር። አንዳንዱ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል ቆጠረ፤ አንዳንዱ ወደ ሌላ አውራጃ፣ ወደ አክስት ወይም ወደማያውቀው ቤተሰብ ተላከ፤ ብዙው ግን እርሻ ላይ ቀረ። በመስከረም 1963 እ.ኤ.አ. ነጻ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ኃላፊው ኒል ሰሊቫን ተማሪዎቹን በክፍል ደረጃ ሳይሆን በሚያውቁት መጠን መደበ። የአሥር ዓመት ልጅ ፊደል ስለማያውቅ ከስድስት ዓመት ሕፃን ጋር ቢቀመጥ በኀፍረት ተመልሶ እንደማይመጣ አውቆ ነው። ከዚያ ወዲያ አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የቨርጂኒያ ምክር ቤት በዚያ ዘመን ትምህርት ለተነፈጉት፣ አሁን ሽበት ላበቀሉት ሰዎች፣ የትምህርት ገንዘብ መድቧል። ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ወደ ደቡብ ጎንደር ስንመለስ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የደረሰው መቋረጥ በጥድፊያ የተከታተለ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ተቀመጡ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ቢሰጥም የገጠሩን ልጅ እምብዛም አልደረሰውም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት በየደረጃው ተጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጦርነቱ ጋይንት ደረሰና ነፋስ መውጫ ተያዘች፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለአንድ ሳምንት ዘግቶ ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ አደረገ። ይህች ሳምንት በታሪክ ትንሽ ብትሆንም ብዙ ትናገራለች፤ ባላገሩ ሁልጊዜ የሚያውቀውን፣ ማለትም በአጨዳ ጊዜ የልጅ እጅ ዋጋ እንዳለው፣ መንግሥትም በአዋጅ አመነ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ግን ከሁሉም የረዘመ ሆነ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተዋል።

እዚህ ላይ ከምንም በላይ የሚከብደው የዕድሜ ሒሳብ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከአምስተኛ ክፍል የቀረች ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመዘገብ አሥራ ስድስት ይሆናታል። በዚህ ጊዜ ወላጆችዋ ለጋብቻ ሲጠየቁ፣ ወንድሟም ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ከተማ ሲሄድ፣ አምስተኛ ክፍል ቁጭ ብሎ መማር ለቤተሰቡ እንደ ቅንጦት ይታያል። በደቡብ ኢትዮጵያ የተሠራበትና «ስፒድ ስኩል» የሚባለው ዘዴ ለዚህ ችግር መልስ የሚሆን ነገር አለው። ከትምህርት የራቁ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በአሥር ወር ውስጥ ተምረው ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ እናቶቻቸውም በዚያው ጊዜ በቁጠባ ቡድን ተደራጅተው ጥቂት ገቢ እንዲያገኙ ይደረጋል። እናቲቱን በቡድን ማደራጀቱ ለበጎ አድራጎት የተጨመረ ማሟያ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ በእውነቱ ግን ልጁ ክፍል ውስጥ እንዲቆይ ያደረገው ምሰሶ እርሱ ነው። በአዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ለተማሪዎች ምግብ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ማቅረቡ ከዚሁ አሳብ የመነጨ ነው።

በሐሙሲትና በመሰሎቿ ከተሞች የገጠር ተማሪ የሚኖረው በተለየ መንገድ ነው። ከቤቱ ርቆ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል። ደረቅ እንጀራው፣ በርበሬውና ሽሮው ከገጠር ይመጣለታል። ስንቁን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ለገበያ የሚመጣ አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት ስለሆነ፣ የሐሙስ ገበያ ለወላጁ እህልና ዶሮ መሸጫ፣ ለልጁ ደግሞ የሳምንት ቀለብ መቀበያ ነው። የቤት ኪራዩም የሚከፈለው በዚያው ቀን ከተሸጠው ነገር ላይ ነው። በክረምት ወንዝ ሲሞላ ስንቁ ይዘገያል፤ በየወንዙ የሚሠሩት ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድዮች ከመንገድ ሥራ ተቆጥረው ቢመዘገቡም የትምህርት ሥራም ናቸው። መንገድ በግጭት ሲዘጋና ገበያው ሳይቆም ሲቀር ግን፣ ትምህርት ቤቱ ሳይነካ፣ መምህሩም ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሳለ፣ ያ የተከራየ ክፍል በሁለተኛው ሳምንት ባዶውን ይቀራል።