እምቦጭ በአቃቂ ተፋሰስ

እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ የመጣ፣ በጨው አልባ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር መጤ አረም ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፣ ጣና ላይ የተመዘገበው በ2011 ነው። ብዙ ሰው እምቦጭ ሲባል ጣናን ያስባል፤ ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ከተሞች ግን እምቦጭ ያለበት ቅርቡ ሐይቅ አባ ሳሙኤል ነው።

አባ ሳሙኤል ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገቡበት፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ የተገደበ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከላይ በሰንዳፋ በኩል ለገዳዲ ግድብ፣ በቡራዩ በኩል ገፈርሳ ግድብ ለመዲናዋ የመጠጥ ውሃ ያጠራቅማሉ። ከእነሱ በታች ወንዞቹ ከተማዋን ሲያቋርጡ የመኖሪያ ቤቱን፣ የፋብሪካውንና የቄራውን ፍሳሽ ተሸክመው ይወርዳሉ። ፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የበዛበት ስለሆነ እምቦጩን እንደ ማዳበሪያ ያፋፋዋል። አረሙን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ግማሹን እውነት መተው ነው።

የቅጠሉ ዘንግ አብጦ በአየር የተሞላ ስፖንጅ ስለሆነ ተክሉ አይሰምጥም። ከግንዱ በሚዘረጋው ቀንበጥ አዲስ ተክል ያወጣል፤ ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም በደለል ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። አበባው ሐምራዊ ሆኖ የላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። በብዙ አገሮች የተዛመተውም ለዚህ ውበቱ ሲባል ኩሬ ውስጥ ተተክሎ ነው።

እምቦጩ እንደ ምንጣፍ ጥቅጥቅ ብሎ ውሃውን ሲሸፍን ብርሃን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የዓሣ ምግብ ሰንሰለት መነሻ የሆኑት ደቂቅ ተንሳፋፊ ዕፅዋት፣ ማለትም ፋይቶፕላንክተን፣ ይመናመናሉ፤ የሞተው እምቦጭ ሲበሰብስም ኦክስጅን ያልቃል። ምንጣፉ በሌለበት ደግሞ ያው ፍሳሽ ሌላ ጣጣ ያመጣል፦ አቃቂ በአዋሽ በኩል በሚደርስበት ቆቃ ላይ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ማይክሮሲስቲስ መርዝ ማመንጨት የሚችል ባክቴሪያ ነው። እሱ መጤ አይደለም፤ የሚመገበው ግን ከእምቦጩ ማዕድ ነው።

በእጅም ሆነ በማሽን ማረሙ አድካሚ ነው። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ በመሆኑ ለማጓጓዝ ይከብዳል፤ ዳር ላይ የተተወውም በጎርፍ ተመልሶ ይገባል። ኒዮኬቲና የሚባሉት ጥንዚዛዎች ቅጠሉን እየፋቁ ይበላሉ፣ እጮቻቸውም የቅጠሉን ዘንግ ይሰረስራሉ። ሆኖም ፍሳሽ በበዛበት ውሃ ተክሉ ከአበላላቸው ፈጥኖ ስለሚያቆጠቁጥ፣ ጥንዚዛዎቹ ብቻቸውን አይበቁትም።