በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የክሬን ሥራ ደህንነት

በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የሚደረግ የክሬን ሥራ ማለት ቡም የሚባለው የክሬኑ ክንድ፣ የብረት ገመዱ ወይም የተንጠለጠለው ጭነት ኤሌክትሪክ ወዳለበት የአየር ላይ ሽቦ ሊቀርብ በሚችልበት ቦታ የሚከናወን ሥራ ነው። ክንዱ ብረት በመሆኑ ሽቦውን ከነካ መላው ማሽን፣ መንጠቆውና ጭነቱ ጭምር ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። ከሁሉም ይበልጥ ለአደጋ የሚጋለጠው ጋቢና ውስጥ ያለው ኦፕሬተር ሳይሆን መሬት ላይ ቆሞ ጭነቱን በእጁ የሚመራው ሠራተኛ ነው።

ኤሌክትሪኩ የሚጓዝበት መንገድ

ኤሌክትሪክ በሰው አካል ውስጥ የሚያልፈው በሁለት የአካል ክፍሎች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ሲኖር ነው። በኦፕሬተሩ ዙሪያ ያለው ብረት ሁሉ ተመሳሳይ ቮልቴጅ ስለሚይዝ፣ ሽቦ ላይ እንዳረፈች ወፍ፣ ከጋቢናው እስካልወጣ ድረስ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። መሬት ላይ ያለው ሠራተኛ ግን እጁ ጭነቱን፣ እግሩ መሬቱን ስለሚነካ ራሱ መንገድ ይሆናል። 0.05 አምፔር ገደማ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከአንድ ሰከንድ በላይ በደረት ውስጥ ካለፈ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ይችላል።

የክሬኑ ጎማ ላስቲክ መሆኑ አያድንም። ጎማው ውስጥ ካርቦንና የብረት ሽቦ አለ፤ ብዙ ክሬኖችም ሲያነሱ የሚቆሙት በጎማ ሳይሆን በብረት እግሮቻቸው ነው። ወደ መሬት የገባው ኤሌክትሪክ ከክሬኑ በራቀ መጠን ቮልቴጁ ስለሚቀንስ፣ በአቅራቢያው የሚራመድ ሰው በሁለት እግሮቹ መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ይህ የእርምጃ ቮልቴጅ ይባላል፤ ክሬኑን ጨርሶ ያልነካ ሰውንም ሊገድል ይችላል።

የርቀት ገደብ

ኦሻ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የክሬን ደንብ እስከ 50 ኪሎ ቮልት ላለው መስመር 3.05 ሜትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 200 ኪሎ ቮልት 4.6 ሜትር፣ እስከ 350 ደግሞ 6.1 ሜትር፣ እስከ 500 ኪሎ ቮልት 7.6 ሜትር ዝቅተኛ ርቀት ያስቀምጣል። ሠንጠረዡን ለመጠቀም የመስመሩን ቮልቴጅ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ደንቡ በኢትዮጵያ ሕግ ባይሆንም መጠኑን ለመገመት ይረዳል፦ በከተማ ምሰሶ ላይ የሚታዩት የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት መስመሮች በመጀመሪያው ረድፍ፣ ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በመጨረሻው ይወድቃሉ።

15 ኪሎ ቮልት በደረቅ አየር ውስጥ ሊዘል የሚችለው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሜትሩ የተጠየቀው በዋናነት ለሰው ዓይንና ለማሽኑ እንቅስቃሴ ነው። ቀጭን ሽቦ ከሰማይ ጋር ሲታይ ርቀቱ አይለይም፤ ኦፕሬተሩም የሚያየው ጭነቱን ነው። ጭነት ይወዛወዛል፣ ሽቦው በሙቀት ይረግባል፣ ጭነቱ ሲራገፍ ደግሞ ጎብጦ የነበረው ክንድ ወደ ላይ ይመለሳል። ረጃጅሞቹን የብረት ማማዎች ሁሉም ይፈራቸዋል፤ አሳሳቹ ግን ከሚሠራው ሕንፃ አጠገብ የሚያልፈው ተራ የመንገድ ዳር መስመር ነው።

መከላከያ

አስተማማኙ ዘዴ የመስመሩ ባለቤት ኃይሉን እንዲያቋርጥና ሽቦውን በሥራው ቦታ ከመሬት ጋር እንዲያገናኝ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ለማስተላለፊያ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለማከፋፈያ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይመለከተዋል። ይህ ካልተቻለ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ርቀቱን ብቻ የሚከታተል ጠቋሚ ይመደባል። ጭነት የሚመራበት ገመድ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት፤ የረጠበ ወይም የቆሸሸ ገመድ ይህን ባሕርይ ያጣል። የማስጠንቀቂያ ደወል ያላቸው መሣሪያዎች ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደሉም።

ንክኪ ከተፈጠረ

ኦፕሬተሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ከተቻለ ክንዱን ከሽቦው ያርቃል፤ ሌሎች ቢያንስ 10 ሜትር ይርቃሉ። እሳት ከተነሳና መውጣት ግድ ከሆነ ክሬኑንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዘላል፤ ከዚያም እግሮቹን ሳያለያይ በትንንሹ እየተንሸራተተ ይርቃል። ብልጭታው መቆሙ ሽቦው ኃይል የለውም ማለት አይደለም፦ በብዙ መስመሮች ላይ ያሉ አውቶማቲክ ማቋረጫዎች ጉድለቱ ጊዜያዊ እንደሆነ በመቁጠር ከሰከንዶች በኋላ ኃይሉን መልሰው ያገናኛሉ።