የሶፍትዌር ሙያ ብቃት

የሶፍትዌር ሙያ ብቃት ፕሮግራም ለመንደፍ፣ ለመጻፍ፣ ለመፈተሽና ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ለመጠገን የሚያስፈልጉ የእውቀት፣ የልምድና የማመዛዘን ችሎታዎች ድምር ነው። «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚለው የሙያው መጠሪያ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተካሄደው ጉባኤ ወዲህ ነው።

ይዘቱ

የፕሮግራም ቋንቋ ማወቅ መነሻ ነው፤ ባለሙያን ባለሙያ የሚያደርገው የሚፈታውን ችግር ጠንቅቆ መረዳቱ ነው። ዴንማርካዊው ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ የፕሮግራም ሥራ ፍሬ ነገር ኮዱ ሳይሆን ሠሪዎቹ ስለ ጉዳዩ የገነቡት ግንዛቤ መሆኑን አስረድቷል። ሠሪዎቹ ሲበተኑ ኮዱ ቢቀርም ለመጠገን አዳጋች ይሆናል።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር በገባባቸው ዓመታት የሶፍትዌር አዘጋጆች የየራሳቸውን የፊደል ኮድ ስለተጠቀሙ፣ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ችግሩን ከሥሩ የፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ፊደሉን በዓለም አቀፉ የጋራ መለያ ውስጥ አካተተ። ሌሎች ጉዳዮች ግን ዛሬም የሀገር እውቀት ይጠይቃሉ። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ መገኘት አለበት። ጳጉሜን አንዴ 5፣ አንዴ 6 ቀን ትሆናለች። የቀን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣውም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም።

ትምህርቱ

ሙያው ደብረ ብርሃንን ጨምሮ በሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። በ2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር መሠረታዊ የኮድ ሥልጠናን በኢንተርኔት ያዳርሳል።

ሥልጠናና ፈተና በሩን ይከፍታሉ፤ የማመዛዘን ችሎታ የሚዳብረው ግን ሰዎች በሚገለገሉበት ሥራ ላይ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ኮዱን መስመር በመስመር እየገመገመ ሲያርም ነው። ለምሳሌ ለአሊዩ አምባ ከተማ ጤና ጣቢያ የታካሚዎች መዝገብ የሚያዘጋጅ ተማሪ አስቀድሞ ካርድ ክፍል ገብቶ ሠራተኛዋ እንዴት እንደምትመዘግብ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርግ፣ ስማቸው የተመሳሰለ ሰዎችን በምን እንደምትለይ ማየት አለበት። ስለዚህ የተግባር ልምምድ ለሙያው ትምህርት ተጨማሪ ሳይሆን ዋናው አካል ነው።