የመድኃኒት ቤቱ መዝገብ

ስለ መድኃኒት ጥራትና ደኅንነት ሲነሣ አብዛኞቻችን ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ፋብሪካው፣ ወደ አስመጪው ወይም ወደ ጉምሩክ ነው። ይህ ስሕተት ነው አልልም። ይሁን እንጂ ታሪክ ዐይናችንን ወደ ሌላ ሥፍራ ይመልሰዋል፤ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ባንኮኒና በዚያም ላይ ሊኖር ወደሚገባው መዝገብ። ለዚህ አባባሌ ምስክር የምጠራው ከአሜሪካ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1937።

በዚያን ጊዜ ሰልፋኒላማይድ የተባለው መድኃኒት ገና አዲስ ነበር። የጉሮሮ ሕመምንና በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጡ ሌሎች ደዌዎችን ድል ስለሚነሣ ዝናው ናኝቶ ነበር። ይሰጥ የነበረው በክኒንና በዱቄት መልክ ነው። በቴነሲ ግዛት ብሪስቶል ከተማ የነበረው የማሴንጊል ኩባንያ ግን ፈሳሽ ቢሆን ገበያ እንደሚያገኝ ከሻጮቹ ሰማ። ዋና ኬሚስቱ ሃሮልድ ዋትኪንስ ዱቄቱን በዳይኢትሊን ግላይኮል አሟሟው፤ የእንጆሪ ዓይነት ጣዕምም ጨመረበት። ኩባንያው ጣዕሙን፣ መልኩንና ሽታውን መረመረ። መርዝ ይሁን አይሁን ግን ማንም አልመረመረም፤ የ1906ቱ የአገሪቱ ሕግ ይህን አያስገድድም ነበርና! ዳይኢትሊን ግላይኮል ምላስን ያጣፍጣል፤ ኩላሊትን ደግሞ ይገድላል።

በሴፕቴምበር የተሰራጨው መድኃኒት በኦክቶበር ሬሳ ማስቆጠር ጀመረ። በ15 ግዛቶች 71 አዋቂዎችና 34 ሕፃናት አለቁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ በጊዜው ከነበሩት 239 ተቆጣጣሪዎችና ኬሚስቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም አሰማራ። መርዙን ለመውረስ ያስቻላቸው የሕግ ቀዳዳ ግን ያስቃልም፣ ያሳፍርምም፤ «ኤሊክሲር» የሚለው ስም በውስጡ አልኮል መኖሩን ስለሚያመለክት፣ አልኮል ያልነበረበት ይህ መድኃኒት በስሙ አሳስቷል ተባለ። ኩባንያው «ኤሊክሲር» በማለት ፈንታ «ውህድ» ብሎት ቢሆን ኖሮ መንግሥት እጁን አጣጥፎ በቆመ ነበር።

ከኩባንያው ወደ መድኃኒት ቤቶቹ የሄደውን መከታተል ያን ያህል አላስቸገረም፤ የመላኪያ ሰነድ ነበረ። ከባንኮኒው ወዲያ ግን ነገሩ ጨለማ ሆነ። ማዘዣ በሥርዓት ባስቀመጠ መድኃኒት ቤት ተቆጣጣሪው ስሙን ያገኛል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጠርሙሱን ከመስኮት ላይ ያነሣል። ያለ ማዘዣ በሸጠው ዘንድ ግን የገዢው ማንነት አይታወቅም። አንዲት እናት መድኃኒቱን ለ3 ዓመት ልጇ ገዝታ ወደ ተራራማው አገር ሄዳ ስለነበር፣ አንድ ሐኪም ሠርጉን አዘግይቶ በፍለጋው ተሰልፏል። ከ240 ጋሎን ውስጥ 234 ጋሎን ያህሉ ተሰበሰበ። ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ቀሪው 6 ጋሎን ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በማግሥቱ ዓመት፣ ጁን 1938፣ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያዝዘው ሕግ ጸደቀ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የፋርማሲ ትምህርት ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ከ3 ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ 661/2002 ምግቡንና የጤና ክብካቤውን ጨመረበት፤ 1112/2011 ደግሞ ዛሬ የምናውቀውን የምግብና መድኃኒት አዋጅ ሰጠን። አሜሪካ ሕጓን በሬሳ ላይ ጻፈች፤ እኛ በጎ ልምድን ከሌላው እየቀሰምን በሰላም ጻፍን ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሕግ አንቀጽ ብቻውን ባንኮኒ ላይ አይቆምም። የፋርማሲስቱ የሙያ ፈቃድ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባለቤቱ በሌላ ከተማ ሲሠራ፣ አንቲባዮቲኩን የሚያቀብለው ወጣት «ስንት ፍሬ ልስጥህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የትኛው አዋጅ ተጥሶ ነው ልንል ነው? ሁሉም!

ለናርኮቲክና ለሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ልዩ ማዘዣና ጥብቅ ምዝገባ አለ። መንግሥት የሚፈራውን ነገር መመዝገብ እንደሚችል ይህ ያስመሰክራል። የሕፃኑ የሳል ሽሮፕ ግን የሚያስፈራ አይመስልም።

ጋምቢያ ውስጥም አያስፈራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት በኩላሊት መድከም ሞቱ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከሕንድ የመጡ 4 ሽሮፖችን በመጥቀስ በኦክቶበር ማስጠንቀቂያ አወጣ። በውስጣቸው የተገኘው ከ85 ዓመታት በፊት በቴነሲ የተደባለቀው ያው ዳይኢትሊን ግላይኮል ከሌላ ዘመዱ ጋር ነበር። ጋምቢያ መድኃኒት የምትመረምርበት ላቦራቶሪ ስላልነበራት ናሙናው ወደ ውጭ ተላከ፤ ጠርሙሶቹም እንደ 1937ቱ ቤት ለቤት ተለቀሙ።

ለምን ይህን ሁሉ አነሣሁ? ነገ ጠዋት እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ለአዲስ አበባ ቢደርስ፣ አስመጪው የጫነውን ያውቃል፤ አከፋፋዩም የላከውን። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ያንን ጠርሙስ ለማን እንደሰጠ ይነግረናል ወይ? የችርቻሮ መድኃኒት ቤቶችን የመቆጣጠር ኃላፊነት ያለባቸው የክልልና የከተማ ተቆጣጣሪዎች፣ የቀዝቃዛ ማከማቻውን ሙቀትና የመደርደሪያውን ንጽሕና ከመጠየቃቸው ጋር ይህን አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ምን ይከብዳል? ባለፈው ሳምንት የተሸጠ አንድ ሽሮፕ ይጥቀሱ፤ የምርት መለያ ቁጥሩንና የገዢውን ስም ይጠይቁ፤ መልሱን በመዝገባቸው ያስፍሩ።

አንባቢም ቢሆን፣ ከቤቱ ያለውን የመጨረሻ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ አውጥቶ ይመልከት። ከዋጋው ሌላ ምን ተጽፎበታል?