የሁለት ምት ሞተር ሕመምና የትውልዱ ታሪክ

ከተሠራ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት፣ በተለይም ለጥርጊያና ለድንጋያማ መንገድ የተሠራው ዓይነት፣ ታሞ ወደ ጋራዥ ሲገባ የሚያሳያቸው ምልክቶች እምብዛም አይለያዩም። ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ከብዙ ርግጫ በኋላ ይነሣል፤ ሞቆ ከጠፋ ግን ባለቤቱን አድክሞ እንኳ አይነሣም። የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ዙሩ መውረድ ሲገባው ከፍ ብሎ ይቆያል፤ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ዳገት ሲይዝ ይንተባተባል። ባለሙያው በመጀመሪያ ካርቡራተሩን አውርዶ ያጥበዋል፤ ካንዴላውን ይለውጣል፤ ሞተሩም ለአንድ ቀን ደኅና የሆነ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ይቀርና ሲፈታ የሲሊንደሩ ግድግዳ ተቧጦ ይገኛል።

እንዲህ ያለው ኪሣራ የሚመጣው ከስንፍና አይደለም። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ የተገኘ ልምድ፣ አወላለዱ ሌላ በሆነ ሞተር ላይ እንዳለ ሲሠራበት የሚደርስ ነው። የሁለት ምት ሞተር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸገው ፈልሳፊዎቹ ዕቃ በቆጠቡበት ቦታ ስለሆነ፣ መርማሪው የዚያን ቁጠባ ታሪክ ቢያውቅ ድካሙ ይቀንሳል።

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ የአራት ምት ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1876 ካሳየ በኋላ፣ ስኮትላንዳዊው ዱጋልድ ክላርክ ኮሎው በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ የሚተኩስ ሞተር አስቦ በ1881 የፈጠራ መብት አገኘበት። ክላርክ አዲሱን ድብልቅ ወደ ማቃጠያው ሲሊንደር የሚያስገባለት ሌላ ሲሊንደር አጠገቡ አቁሞ ነበር። ሞተሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ዕቃው ብዙ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሚኖረው ጆሴፍ ዴይ ይህን ሁለተኛ ሲሊንደር ጨርሶ አስቀረው። ፒስቶኑ ሲወጣና ሲወርድ ከሥሩ ያለው የኮሎ ቤት ራሱ አየር መሳቢያና መግፊያ እንዲሆን አደረገ። ወዲያውም ፍሬደሪክ ኮክ የተባለ ሠራተኛው የፒስቶኑ ቀሚስ የመግቢያውን ቀዳዳ እየከፈተ እንዲዘጋ በማድረጉ ቫልቭም አላስፈለገም። የሚንቀሳቀሱት ዋና ዕቃዎች ፒስቶን፣ ቢየላና ኮሎ ብቻ ሆኑ።

ይህ ቁጠባ ዛሬም ድረስ ዋጋ ያስከፍላል። በአራት ምት ሞተር የኮሎ ቤት ቢያንጠባጥብ ወለሉ በዘይት ይቆሽሻል እንጂ ሞተሩ ሥራውን አያቋርጥም። በዴይ ሞተር ግን የኮሎ ቤት የሳንባ ያህል ነው፤ ጸጉር የምታህል ቀዳዳ የድብልቁን መጠን ታዛባለች። በኮሎው በሁለቱ ጫፍ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች የሚያሳዩት ምልክትም የተለያየ ነው። በቮላኖው በኩል ያለው ሲደርቅ ንጹሕ አየር ሾልኮ ይገባል፤ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ዙሩም አልወርድ ይላል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲበላሽ ደግሞ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል፤ ጢሱ ነጭ ይሆናል፤ ካንዴላው ይረጥባል፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳትታይ የካምቢዮው ዘይት ይጎድላል። ጎማ ሳይነካ ሲቀመጥ ይጠነክራል። ስለዚህም ለብዙ ዓመታት በመጋዘን ተሸፍኖ የኖረው ሞተር፣ በየቀኑ ሲሠራበት ከኖረው ይልቅ የታመመ ሆኖ ቢገኝ አያስገርምም።

የኮሎ ቤት ለአየር ስለተሰጠ ዘይት የሚጠራቀምበት ስፍራ ጠፋ፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር እንዲደባለቅ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሞተሩ የጋለባቸው ሰዎች ዘይት ይጨምሩለታል። ነገር ግን ዘይቱ በበዛ ቁጥር በዚያችው በካርቡራተሩ ቀጭን ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ስለሚያንስ ድብልቁ ይበልጥ ይቀጥናል፤ መድኃኒት የተባለው በሽታውን ያባብሳል ማለት ነው።

የዴይን ሐሳብ ወደ ሞተር ብስክሌት ከወሰዱት መካከል እንግሊዛዊው አልፍሬድ ስኮት አንዱ ሲሆን፣ መኪናዎቹ በማን ደሴት የሚደረገውን ታላቅ ውድድር በ1912 እና በ1913 አሸንፈዋል። የሁለት ምት እውነተኛ አገር የሆነችው ግን በጀርመን የሳክሶኒ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ቾፓው ናት። ዴንማርካዊው ራስሙሰን በዚያ ያቋቋመው ዲ.ካ.ቬ. ፋብሪካ በ1920ዎቹ መጨረሻ በሞተር ብስክሌት ብዛት በዓለም የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ። አዶልፍ ሽኑርለ በ1925 የፈጠራ መብት ያገኘበትን አሠራር፣ ይኸውም አዲሱ ድብልቅ ከሁለት ወገን ገብቶ በሲሊንደሩ ውስጥ ዞሮ የተቃጠለውን እንዲያስወጣ የሚያደርገውን፣ ለቤንዚን ሞተር ለመጠቀም ፈቃድ ያገኘውም ይኸው ፋብሪካ ነው።

በ1939 ከቾፓው የወጣው አር.ቴ. 125 የተባለው ትንሽ ሞተር ብስክሌት ከጦርነቱ በኋላ የደረሰበት ዕጣ ለብቻው ታሪክ ነው። ድል አድራጊዎቹ ንድፉን ወሰዱት። በሶቪየት ኅብረት ሞስክቫ፣ በእንግሊዝ ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም፣ በአሜሪካ የሃርሊ ዴቪድሰን ትንሹ 125 ከእርሱ ተቀዱ። በ1955 ያማሃ በጃፓን አገር በሃማማትሱ ያወጣው የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌትም የዚሁ ልጅ ነበር። የአንዱን ሕመም ያወቀ ባለሙያ የሌላውንም ሳይቸገር ያወቀው ከዚህ ዝምድና የተነሣ ነው።

ጀርመን ስትከፈል ቾፓው በምሥራቁ ወገን ቀረች፤ ፋብሪካውም በኋላ ኤም.ዜድ. ተባለ። በ1953 የውድድር ክፍሉን የተረከበው መሐንዲስ ቫልተር ካደን ገንዘብም ሆነ ጥሩ ብረት እንደ ልብ አያገኝም ነበር። የነበረው ዕውቀትና ትዕግሥት ነው። ካደን ሌሎች የድምፅ ማፈኛ ብቻ አድርገው የሚያዩትን ማርሚታ የሞተሩ ክፍል አድርጎ አየው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጢስ በቧንቧው ውስጥ ሞገድ ይፈጥራል። ቧንቧው እየሰፋ በሚሄድበት ቦታ ሞገዱ የሚስብ ኃይል ሆኖ ይመለስና የተቃጠለውን ጎትቶ ያወጣል፤ እየጠበበ በሚሄድበት ቦታ ደግሞ የሚገፋ ኃይል ሆኖ ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ ቀዳዳው ሳይዘጋ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ሐሳቡ ከእርሱ በፊትም ተነክቶ ነበር፤ በመሣሪያ እየለካ ወደ ፍጻሜ ያደረሰው ግን ካደን ነው። በ1961 የኤም.ዜድ. 125 ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ይህም በአንድ ሊትር 200 ማለት ሲሆን፣ ያለ አየር መጭመቂያ ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የበርሊን ግንብ ቆመ። የኤም.ዜድ. ነጂ የነበረው ኤርንስት ደግነር የዓለም ሻምፒዮናውን እየመራ በመስከረም ወር ወደ ስዊድን፣ ወደ ክሪስቲያንስታድ ሄደ። በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ተበላሸበት፤ እርሱም ከዚያ ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሚስቱና ልጆቹ በመኪና የዕቃ መጫኛ ተደብቀው ወደ ምዕራብ ተሻገሩ። ሞተሩን ሆን ብሎ ነው ያበላሸው የሚል ክስ ከቾፓው ወገን ተነሣበት። ክሱን ለመቀበል የሚያስቸግረው፣ በአንድ ሊትር 200 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ የዚያን ዘመን ሞተር ነክሶ እንዲቀር የሰው ተንኮል የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ሻምፒዮናው ለሆንዳው ነጂ ለቶም ፊሊስ ሆነ። ደግነር ከካደን ያገኘውን ዕውቀት ይዞ ሃማማትሱ ወዳለው ወደ ሱዙኪ ገባ፤ በ1962ም የ50 ሲ.ሲ. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከቾፓው የተነሣው ዕውቀት ወደዚያች የጃፓን ከተማ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጓዘ፤ መጀመሪያ በንድፍ ቅጅ፣ ቀጥሎም በአንድ ስደተኛ። ካደን ግን በቾፓው ቀረ፤ ኤም.ዜድም የዓለም ሻምፒዮናውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያገኝ ዘመኑ አለፈ።

ከአስፋልት ውጭ የሚነዱት ብስክሌቶች ከዚህ ትምህርት ወዲያው ተጠቀሙ። ምሥራቅ ጀርመናዊው ፓውል ፍሪድሪክስ በቼኮዝሎቫኪያው ቼ.ዜድ. በ1966 የ500 ሲ.ሲ. ሞቶክሮስ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በዚያ ክፍል ከባድ የአራት ምት ሞተሮች የነበራቸው የበላይነት አበቃ። በ1968 ያማሃ ዲ.ቲ. 1ን ለገበያ አቀረበ፤ በየጋራዡ ጥግ የሚገኙት ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮችም የዚያ ዘመን ቤተሰብ ናቸው። በእነዚህ ላይ ማርሚታው በድንጋይ ከተጨፈለቀ፣ በጥቀርሻ ከተደፈነ ወይም ባለቤቱ ድምፁ እንዲያምር ብሎ ከቆረጠው፣ ካርቡራተሩ መቶ ጊዜ ቢታጠብ ጉልበቱ አይመለስም።

እንግዲህ ምርመራው የሚጀመረው ከብልጭታው ነው። ፑንቲናው ካምን የሚነካበት ጫማ ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ብልጭታውም ይዘገያል። ሞተሩ ሲሞቅ ብልጭታው የሚጠፋ ከሆነ ኮይሉና ኮንደንሰሩ ይጠረጠራሉ። ቀጥሎ የማርሚታውና የሲሊንደሩ መውጫ ከጥቀርሻ ነጻ መሆናቸው ይታያል። ከዚያ በኋላ፣ ካርቡራተሩ ገና ሳይፈታ ሊነካ የሚቃጣው እጅ ታግሦ፣ የኮሎ ቤት ይፈተናል። የመግቢያውና የመውጫው ቀዳዳ በጎማ ይደፈናል፤ ለመግቢያው ሲባል ካርቡራተሩ እንዳለ ተነቅሎ ይቀመጣል። በትንሽ የእጅ ፓምፕ 0.4 አትሞስፌር የሚያህል አየር ተሞልቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። መለኪያው በፍጥነት ከወረደ የሳሙና ውኃ በየመጋጠሚያው ይቀባል፤ በሲሊንደሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን ዙሪያ ምንም ካልታየ ቮላኖው ይወልቃል። አረፋው ብዙ ጊዜ የሚፈላው ከዚያ ጀርባ፣ ደርቆ ከተሰነጠቀው የጎማ ማሸጊያ ከንፈር ላይ ነው።